የ22 ደቂቃው አልበም ምን አለው? ስለ ዲሴንደንትስ «ማይሎ ጎዝ ቱ ኮሌጅ» ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ቤዝ ጊታር መማር የጀመረች አንባቢ ናት የጻፈችልኝ። «ግሪን ዴይንና ብሊንክ 182ን እወዳለሁ። የፖፕ ፓንክ፣ የዚያ ዜማ የበዛበት ፈጣን ሮክ፣ ሥሩ ዲሴንደንትስ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው ሲሉኝ ፈልጌ ሰማሁት። 22 ደቂቃ ብቻ ነው። ቀረጻው ቀጠነብኝ፤ ዘፈኖቹ ገና ሲጀምሩ ያልቃሉ፤ ዘፋኙም ይጮኻል። ምኑ ነው የሚደነቀው? ስም ስላለው ብቻ ነው ወይስ እኔ ያልሰማሁት ነገር አለ? ዘፋኙ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ብሎ ባንዱን ትቶ ሄደ የሚባለውስ እውነት ነው?»

ዳር ዳር ሳልል ልመልስልሽ። አዎ፣ ያልሰማሽው ነገር አለ። እሱም ያለው አንቺ በምትማሪው መሣሪያ ላይ ነው። የዚህን አልበም ዜማ ግማሹን የተሸከመው ቤዙ ነው። ቤዙን ካልሰማሽው ጩኸት ብቻ ቢቀርሽ አይፈረድብሽም። የዘፋኙ ታሪክም እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ሰው የሚያወራው ግማሹን ነው። ሁለቱንም በዝርዝር ልንገርሽ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰጃቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በምን ሰማሽው? በስልክ ስፒከር ከሆነ አልሰማሽውም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በግራ እጅ ሳይጫን ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የቤዙ ሥር ተቆርጦ ላይ ላዩ ብቻ ይደርስሻል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ፈልጊና እንደገና ስሚው። ከታች የምጽፈው ሁሉ ያንን ካደረግሽ በኋላ ነው የሚገባሽ።

አሁን ወደ ሰፈሩ እንሂድ። ከሎስ አንጀለስ ደቡብ ምዕራብ ባሕሩን ይዘው የተደረደሩ ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ ማንሃተን ቢች፣ ሄርሞሳ ቢች፣ ሬዶንዶ ቢች። አካባቢውን ሳውዝ ቤይ ይሉታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ስትዪ ሆውቶርን አለ። ቢች ቦይስ ከዚያ ናቸው። በ1960ዎቹ አሜሪካን በዜማና በድምፅ ቅንብር ያጥለቀለቁት ወንድማማቾችና አጋሮቻቸው ማለት ነው። ከሄርሞሳ ቢች ደግሞ ብላክ ፍላግ ወጣ። በ1981 ሃርድኮር የሚባለውን ፈጣንና ቁጡ ፓንክ በአልበም ያስመሰከረው ባንድ እሱ ነው። ሁለቱ ባንዶች በሙዚቃ ሰማይና ምድር ናቸው። በመኪና ግን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው የሚለያቸው።

ዲሴንደንትስ የበቀለው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው። ይህን የምነግርሽ ለጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም። የአልበሙን ድምፅ የሚያስረዳው ይኸው ነው፤ የብላክ ፍላግ ፍጥነትና ቁጣ፣ የቢች ቦይስ አገር የዜማ ጆሮ። በዚያን ጊዜ ሃርድኮር ውስጥ ዜማ ማብዛት የሚያስከብር ነገር አልነበረም። መፍጠንና መክበድ ነበር የሚያስከብረው። እነዚህ ልጆች ፍጥነቱን ሳይቀንሱ ሊያንጎራጉሩት የሚቻል ዜማ አስገቡበት።

አራት ነበሩ። ድራመሩ ቢል ስቲቨንሰን 18 ዓመቱ ነበር። ዘፋኙ ማይሎ ኦከርማን 19። ጊታሪስቱ ፍራንክ ናቬታ። ቤዙን የያዘው ቶኒ ሎምባርዶ ግን ከእነሱ በብዙ ዓመት የሚበልጥ፣ በፖስታ ቤት ሥራ የሚተዳደር ትልቅ ሰው ነበር። እስቲ አስቢው። ከሃይስኩል ብዙም ካልራቁ ልጆች ጋር ሥራ ያለው ጎልማሳ። የእሱ ጆሮ የተገራው ፓንክ ከመምጣቱ በፊት ነው። ቤዙ ውስጥ የምትሰሚው ብስለት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ከዚህ አልበም ቀደም ብሎ በ1981 አምስት ዘፈን ያለው አጭር ሥራ አውጥተዋል። ስለ ምግብ የሚያወሩ ዘፈኖች አሉበት፤ አንዱ ዘፈን 10 ሰከንድ ያህል ነው የሚቆየው። ያኔ ሩጫ ብቻ ነበሩ። አልበሙ ላይ ግን ሌላ ባንድ ነው የምታገኚው።

አልበሙ የተቀረጸው በሰኔ 1982፣ ሬዶንዶ ቢች ውስጥ ቶታል አክሰስ በሚባል ስቱዲዮ ነው። ቀራጩ ስፖት በሚል ስም የሚታወቀው ግሌን ሎኬት ነበር። ብላክ ፍላግን፣ ሚኒትመንን፣ ሁስከር ዱን የመሳሰሉ የፓንክ ባንዶችን የቀረጸ ሰው ነው፤ በ2023 አርፏል። ያሳተመው ኒው አሊያንስ ደግሞ የሚኒትመን ባንድ አባላት ሳን ፔድሮ ላይ ያቋቋሙት ትንሽ አሳታሚ ነው። ትልቅ ገንዘብ የለም፤ ትልቅ ስቱዲዮም የለም። አልበሙ ወዲያው በዚያው ዓመት በመስከረም ወጣ።

እኔ የምተዳደረው በቀረጻና በሚክሲንግ፣ የተቀረጹ ድምፆችን በማመጣጠን፣ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀጠነብኝ ያልሽው ልክ ነው፤ ይቀጥናል። ምክንያቱ ግን ጥራት ማጣት ብቻ አይደለም። ጆሮሽ የለመደው የ1990ዎቹንና የ2000ዎቹን ፖፕ ፓንክ ነው። እዚያ ላይ አንዱ ጊታር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ይቀረጻል። አንዱ ቅጂ ወደ ግራ ጆሮ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይላካል። አንድ ሰው የመታው ጊታር እንደ ግድግዳ የሚቆመው በዚህ መላ ነው። ድራሙም እያንዳንዱ ምት እኩል እስኪሆን ይጨመቃል። ዘፋኙ አዝማቹን በራሱ ድምፅ ላይ ደራርቦ ይዘፍነዋል።

ስፖት እንደዚያ አይነት ሰው አልነበረም። ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲጫወት የሚሰማውን ነው መያዝ የሚወደው። ስለዚህ ጊታሩ አንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰውም ይመስላል። ጫፉ ሹል፣ ትንሽ የሚያንቋርር፣ ከበታቹ ብዙ ባዶ ቦታ የተወ። ያ ባዶ ቦታ ነው ለቤዙ በር የከፈተለት። ጊታሩ እንደ ዘመኑ አልበሞች ወፍሮ ቢቀረጽ ኖሮ ሎምባርዶን ይውጠው ነበር። ብዙ ዘመናዊ ፖፕ ፓንክ ላይ ቤዙን ለይተሽ መስማት የሚቸግርሽ ለዚህ ነው። እኔ ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ ብትዪኝ ዛሬም የስፖትን እመርጣለሁ። አራት ሰው እንዳለ ይታወቃል፤ አራቱም ምን እያደረጉ እንደሆነ ይሰማል።

አጭርነቱንም እንየው። 15 ዘፈን በ22 ደቂቃ ማለት ለአንዱ ዘፈን በአማካይ 88 ሰከንድ ነው። 12 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ ብቻ 22 ደቂቃ ያህል በምቾት ይይዛል። ስለዚህ አልበሙ በሁለቱ ገጾች ላይ ሲከፈል ለእያንዳንዱ 11 ደቂቃ ገደማ ነው የደረሰው። ለሸክላ ቆራጭ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። መርፌው የሚሄድበትን ቦይ ሰፋ አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ መቁረጥ ይችላል። አጫጭር የፓንክ ሸክላዎች ከፍ ባለ ድምፅ የመውጣት ዕድል ያላቸው በዚህ ነው።

ዘፈኖቹ ግን ሳይጀመሩ አያልቁም። እዚህ ላይ አልስማማም። አንዱን ያዢና ቁጠሪ። መግቢያ አለው፣ ስንኝ አለው፣ አዝማች አለው፣ ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ መታጠፊያም አለው። ሙሉ ዘፈን ነው። የጎደለው ድግግሞሹ ነው። ሌላ ባንድ አዝማቹን አራት ጊዜ የሚመልስበትን እነሱ ሁለት ጊዜ ብለው ይወጣሉ። አንቺ ደግሞ እንደገና መስማት ትፈልጊያለሽ፤ ፈልገሽም ትመልሽዋለሽ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቤዝ እየተማርሽ ስለሆነ ይህን ክፍል በደንብ አንብቢው።

የፓንክ ጊታሪስት የሚመታው በአብዛኛው ፓወር ኮርድ የሚባለውን ነው። ሙሉ ኮርድ ቢያንስ ሦስት ድምፅ ይፈልጋል፤ መነሻው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው። ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር፣ ማለትም ይፍካ ወይስ ይዘን፣ የሚወስነው የመሀሉ ነው። ፓወር ኮርድ ግን መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይዞ የመሀሉን ይተወዋል። ይህን የሚያደርጉት ኮርድ ስለማያውቁ አይደለም። ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር፣ የበዛበት ጊታር ላይ ሦስተኛው ድምፅ ሲጨመር እርስ በርሱ ይጋጭና ይደፈርሳል። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ግን ጥርት ብለው ይጮኻሉ።

ታዲያ ጊታሩ ደስታም ኀዘንም ካልነገረን ማን ይንገረን? ዘፋኙና ቤዙ ናቸው የቀሩት። አብዛኛው የመጀመሪያ ዘመን ፓንክ ላይ ቤዙ ይህን ዕድል አይጠቀምበትም። የጊታሩን መነሻ ድምፅ ይዞ ከሥር ይከተላል። የራሞንስን የ1976 የመጀመሪያ አልበም ስሚ። ጊታሩን ወደ አንድ ጆሮ፣ ቤዙን ወደ ሌላው ነው ያደረጉት፤ ስለዚህ ለይቶ ለመስማት ይመቻል። ቤዙን የሚመታው ዲ ዲ ራሞን አብዛኛውን ጊዜ ጊታሩ በሄደበት ነው የሚሄደው። ለእነሱ ያ ትክክል ነው፤ ኃይላቸው ከአንድነታቸው ነው።

ሎምባርዶ ግን አይከተልም። ጊታሩ አንድ ኮርድ ላይ ቆሞ ሲደበድብ እሱ ከሥር ይንቀሳቀሳል። ወደ ሦስተኛው ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ኮርድ የሚያሻግር መረማመጃ ይሠራል፣ አንዳንዴ የራሱን ዜማ ይዞ ይነጉዳል። ጊታሩ የተወውን የስሜት ድምፅ እሱ ይሞላዋል። አልበሙን የሚከፍተውን «ማይኤጅ»ን ክፈቺ። መጀመሪያ የምትሰሚው ጊታር አይደለም፤ ቤዝ ነው። የፓንክ አልበም በቤዝ ዜማ ሲጀምር! ያቺ መስመር አፍሽ ላይ ትቀራለች። ከዚያ ድራሙና ጊታሩ ሲደርሱ ቤዙ ወደ ሥር አይሰወርም። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የሚነዳው እሱ ነው።

አሁን የምትወጂያቸውን አምጪ። የብሊንክ 182 የመጀመሪያ አልበም «ቼሻየር ካት» በ1995 ወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን «ካሩሴል» በምን ይጀምራል? በማርክ ሆፐስ ቤዝ። ሆፐስ ተጽዕኖ ካሳደሩበት ባንዶች መካከል ዲሴንደንትስን ፊት ረድፍ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። የግሪን ዴይ «ሎንግቪው»ስ? በ1994 ዓለም ሁሉ ያንጎራጎረው የማይክ ዲርንትን የቤዝ መስመር ነው። ዲርንት ከሎምባርዶ ቀዳ እያልኩሽ አይደለም። እኔ የምልሽ ፖፕ ፓንክ ውስጥ ቤዝ ከፊት ቆሞ መናገር እንደሚችል ይህ አልበም ከ12 ዓመት በፊት አሳይቶ ነበር ነው።

አንቺ እንዲህ ተለማመጂው። ዩቲዩብ ላይ «ማይኤጅ»ን ክፈቺና ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርጂው። መጀመሪያ ቤዝሽን አትንኪ፤ መስመሩን በአፍሽ ዝፈኚው። በአፍሽ ካልያዝሽው በጣትሽ አይመጣም። ከዚያ በፒክ፣ ክር በሚመታባት ትንሽ ላስቲክ፣ ሞክሪው። ጣት ይሻላል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ለሌላ ሙዚቃ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን የክሩ ብረት ካልተሰማ መስመሩ ይሰምጣል። ቀኝ እጅሽ በየምቱ ሁለት ሁለት፣ እኩል በእኩል ይምታ። ክንድሽ ከደነደነ ቆሚና ፍጥነቱን ቀንሺ። ጀማሪን የሚያሸንፈው የግራ እጅ አይደለም፤ የቀኙ ድካም ነው።

ቤዙን ይህን ያህል ያሰራው ደግሞ ድራሙ ነው። ስቲቨንሰን ሁልጊዜ ምቱ ላይ በትንሹ የሚቀድም ይመስላል። ሙዚቃው ወደፊት ያዘነብላል፤ ሊወድቅ ነው ስትዪ አይወድቅም። «ባይክኤጅ» ላይ ስሚው። ቀስ ብሎ፣ አዝኖ ይጀምራል። ከዚያ ድራሙ ይቀሰቅሰውና ይፈተለካል። ፍጥነቱ ሲቀየር ኀዘኑ አብሮት ይሄዳል እንጂ አይቀርም። ይህን የሠራው ልጅ 18 ዓመቱ ነበር፤ ዘፈኑንም የጻፈው እሱ ነው።

ስለ ድምፃዊው ልናገር። ይጮኻል ያልሽው ልክ ነው። ግን አንድ ጊዜ ከሌሎቹ የዘመኑ ጯሂዎች ጋር አስተያይው። ሌሎቹ ሲጮኹ ያስፈራራሉ። ማይሎ ሲጮኽ ተበድሎ ነው። መነጽሩን ያደረገ፣ ትምህርት የሚወድ፣ ቆንጆዎቹ ዞር ብለው የማያዩት ልጅ ድምፅ ነው። «ሆፕ»ን ስሚ፤ እሱ ራሱ የጻፈው ነው። የሚወዳት ልጅ ከሌላ ጋር ናት፤ እሱ ደግሞ አንድ ቀን ወደ እኔ ትመጫለሽ ብሎ ይሟገታል። ድምፁ ዜማውን ሳይለቅ ይሰነጠቃል። በኋላ የመጣው የፖፕ ፓንክ ዘፋኝ ሁሉ፣ ያ በአፍንጫ የሚወጣው የተከፋ ድምፅ፣ ከዚህ ቤት ነው የወጣው ብል አላጋነንኩም።

ግጥሙም ላይ የዚህን ያህል ለውጥ አለ። በጊዜው የፓንክ ግጥም ስለ መንግሥት፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ጦርነት ነበር የሚበዛው። እነዚህ ልጆች ስለ ቤት ጻፉ። «ፓረንትስ» ናቬታ ከወላጆቹ ጋር ስለነበረው ጠብ ነው። «ካታሊና» ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ደሴትና ዓሣ ማጥመድን ይዛ ትሄዳለች። «ባይክኤጅ» ፓንክ ሰፈር ውስጥ ሕይወታቸውን ስለሚያበላሹ ወጣት ሴቶች ነው። «አይም ኖት ኤ ፓንክ» የሚል ዘፈን እንኳ አላቸው። ፓንክ ባንድ ሆኖ ፓንክ አይደለሁም ማለት!

ከሁሉም የምወደው ግን የሎምባርዶ «ሰበርባን ሆም» ነው። በንግግር ይጀምራል። የሚፈልገው ተራ ቤት፣ ተራ ሰፈር፣ እንደ አባትና እናት ያለ ኑሮ ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው ሽሙጥ ይመስለዋል። አይደለም። ሎምባርዶ ከልቡ ነው የጻፈው። በዚያ ሰፈር የነበረው አደንዛዥ ዕፅና ጥፋት አስጠልቶታል። ሥራ ያለው ትልቅ ሰው ሰላም ያለው ቤት መፈለጉን ሳያፍር በከፍተኛ ፍጥነት አወጀው። አመፅን ዩኒፎርም ባደረገ ሰፈር ውስጥ ይህን መዝፈን ድፍረት ይጠይቃል። ይህን አውቀሽ ስትሰሚው ዘፈኑ ሌላ ይሆንብሻል።

ግን ሁሉም ያማረ አይደለም፤ ይህንንም ሳልነግርሽ አላልፍም። «አይም ኖት ኤ ሉዘር» ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን የሚያዋርድ ስድብ አለ። አንዳንድ ቦታ ሴቶች የሚነሡበት መንገድም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ንዴት ነው። ዕድሜያቸው ያስረዳዋል እንጂ ትክክል አያደርገውም። እኔ አልበሙን ስሰማ ያ ቦታ ሲደርስ ዛሬም ይጎረብጠኛል። የተከፋን ልጅ እውነተኛ ድምፅ በያዘ አልበም ውስጥ ሌላውን የሚያስከፋ ቃል መቀመጡ ያሳዝናል።

የፖፕ ፓንክ ሥሩ ይህ ነው የሚለውስ? እዚህ ላይ ለጓደኞችሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ሥሩ አንድ ብቻ አይደለም። ራሞንስ በ1976 አጫጭር የፍቅር ዘፈን በፓንክ ጉልበት ሠርተዋል። ማንቸስተር ላይ በዝኮክስ ነበሩ። ሰሜን አየርላንድ፣ ዴሪ ላይ አንደርቶንስ ነበሩ፤ በ1978 ያወጡት «ቲኔጅ ኪክስ» ዛሬም እንደ ትናንት ነው። ዜማና ፓንክን ማጋባት ከእነዚህ ይጀምራል። ዲሴንደንትስ የጨመረው ሌላ ነው፤ የሃርድኮርን ፍጥነት፣ የሚናገር ቤዝ፣ የጎበዝ ተማሪውን ብሶት። ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለው የካሊፎርኒያ ፖፕ ፓንክ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው የቆመው። ለዚያኛው ቤተሰብ ቅድመ አያቱ ይህ አልበም ነው ካሉሽ እቀበላለሁ። ለሁሉም ካሉሽ ግን አልቀበልም።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ታሪክ። አልበሙ ሲወጣ ማይሎ ሥነ ሕይወት ሊማር ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ዲዬጎ እየሄደ ነበር። የአልበሙ ስም ያንኑ ነው የሚናገረው፤ ማይሎ ኮሌጅ ገባ። ሽፋኑ ላይ ያለው ባለ መነጽሩና ባለ ክራቫቱ ሥዕል የመጣው ሃይስኩል እያሉ አንድ የክፍል ጓደኛው ማይሎን ለማብሸቅ ከሣለው ካርቱን ነው። ጄፍ አትኪንሰን ለሽፋኑ አስተካክሎ ሣለው። ያ ፊት የባንዱ ምልክት ሆኖ እስከ ዛሬ ሽፋኖቻቸው ላይ አለ። ለማብሸቂያ የተሣለ ሥዕል በዓለም ዙሪያ ሰው ክንዱ ላይ ይነቀሰዋል።

ሰው የሚያወራው እስከዚህ ነው። ቀጣዩን ስሚ። ስቲቨንሰን ወደ ብላክ ፍላግ ገባና ድራም መታ። ማይሎም ለዘለዓለም አልሄደም። በ1985 ተመልሶ «አይ ዶንት ዎና ግሮው አፕ»ን ቀረጹ፤ በ1986ና በ1987 ሌላ ሁለት አልበም ጨመሩ። ከዚያ እንደገና ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። የቀሩት ኦል የሚል ባንድ አቋቁመው ቀጠሉ። ማይሎ ዶክትሬቱን ይዞ የዕፅዋት ተመራማሪ ሆነ፤ ዴላዌር ውስጥ ለዱፖንት ኩባንያ ለዓመታት ሠራ። በመሀሉ በ1996 «ኤቭሪቲንግ ሰክስ»ን፣ በ2004 «ኩል ቱ ቢ ዩ»ን ዘፍኗል። በ2016 ምርምሩን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሙዚቃ ሰጠ።

እንግዲህ «ባንዱን ጥሎ ሄደ» የሚለው አይገልጸውም። ሁለቱንም ይወድ ነበር፤ ሁለቱንም አደረገ። ባንዱም እሱን ከመርገም ይልቅ መሄዱን የአልበም ስም አደረገለት። ጓደኛን ሲሸኙ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የሌሎቹም ዕጣ የተለያየ ነው። ሎምባርዶ ሥራውን ትቶ ከተማ ለከተማ መዞር አልፈለገም። «ሰበርባን ሆም»ን የጻፈ ሰው ስለሆነ አይገርምም። ናቬታ መሣሪያዎቹን አቃጠለና ወደ ኦሪገን ሄዶ ዓሣ አጥማጅ ሆነ፤ በ2008 ሞተ። ስቲቨንሰን በ1994 ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ ብላስቲንግ ሩም የሚባል ስቱዲዮ ከፈተ። ራይዝ አጌንስት የተባለውን ባንድ የ2006 አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው እዚያ ነው። ከኋላ የመጣው ትውልድ ፓንክ እንዴት ይቀረጻል የሚለውን ከእሱ እጅ ነው የተማረው። በጣም የሚገርመኝ እሱ ዛሬ የሚቀርጻቸው ጊታሮች ወፍራምና የተደራረቡ መሆናቸው ነው። የ1982ቱ ቅጥነት ለእሱ የመርሕ ጉዳይ አልነበረም፤ የቦታውና የጊዜው ነበር።

ከዚህ አልበም በኋላ ምን ልስማ ካልሽኝ፣ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ እልክሻለሁ። በ2021 «ናይንዝ ኤንድ ዋልነት» የሚል አልበም አውጥተዋል። ዘፈኖቹ ገና ሲጀምሩ፣ ሎንግ ቢች ውስጥ በዚያ መንገድ ጥግ ይለማመዱ በነበረበት ጊዜ የጻፏቸው ናቸው። ሙዚቃውን በ2002 የቀረጹት እነዚያው ናቸው፤ ስቲቨንሰን፣ ሎምባርዶ፣ በሕይወት የነበረው ናቬታ። ማይሎ ድምፁን የጨመረበት በ2020 ነው። ለአንቺ ይህ ስጦታ ነው። የዚያው የሎምባርዶ ጣት በዘመናዊና በጠራ ቀረጻ ተይዟል። 1982ቱ ላይ ያመለጠሽን የቤዝ እንቅስቃሴ እዚህ እንደ ልብሽ ለይተሽ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ወደ ድሮው ስትመለሺ ጆሮሽ የሚፈልገውን ያውቃል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ በእኔ እጅ ቢሆን እንዲህ ነው። በጆሮ ማዳመጫ «ማይኤጅ»ን ሦስት አራት ጊዜ፣ ቤዙን ብቻ እየተከተልሽ። ከዚያ «ባይክኤጅ»ን ለድራሙ፣ «ሰበርባን ሆም»ን ለግጥሙ፣ «ሆፕ»ን ለዘፋኙ። ከዚያ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪ፤ 22 ደቂቃ ነው፤ የታክሲ መንገድ አይሞላም። «ሆፕ»ን የሎንግ ቢቹ ባንድ ሰብላይም በ1992 የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ተጫውቶታል። ሁለቱን አስከትለሽ ስሚና የሰብላይም ቤዝ የሎምባርዶን መስመር የት ላይ እንደጠበቀ፣ የት ላይ እንደለወጠ በወረቀት ያዢ። ያገኘሽውን ላኪልኝ፤ ቀጣዩን ትምህርት ከዚያ ተነስተን እናወራለን።